በሁለት በረራ መካከል፤ ሻንጋይ

ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚያልፍ መንገደኛ በሻንጋይ የፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ተከታዩን በረራ እስኪሳፈር ድረስ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ መቈየት ሲገጥመው፣ በወንበር ላይ ተጋድሞ ሰዓቱን እየቈጠረ ጊዜውን በከንቱ ማሳለፉ የተለመደ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወንበር ከ40 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቈጠራ ከ24 ሚሊዮን በላይ ነፍስ የተቈጠረበት፣ ያለፈው የ180 ዓመት የቻይና ታሪክም ከነውርደቱ ከነትንሣኤው በአንድ ወንዝ ሁለት ዳርቻ ላይ የሚነበብበት ታላቅ ከተማ ተዘርግቶ ይገኛል። ጊዜው አጭር የሆነ ብቸኛ መንገደኛ ሁሉን ለማየት ከመሮጥ ይልቅ ሁዋንግፑ የተባለውን ያንን ወንዝ ብቻ ይዞ፣ አንዱን ዳር በእግሩ ሄዶ፣ በጀልባም ተሻግሮ ሌላውን ቢመለከት፣ ሻንጋይን አየሁ ለማለት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

አስቀድሞ የሕጉን ነገር እንመልከት። የቻይና መንግሥት፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግር የተረጋገጠ ቲኬት ይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ አገሩን ለቆ ከሚሄድ መንገደኛ፣ ከጥቂቶች በቀር የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን፣ ቪዛ አይጠይቅም፤ ከማረፊያው ወጥቶ ወደ ከተማው ለመግባት ግን ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የመስጠትም የመንፈግም ሥልጣን የኢሚግሬሽን ሹሙ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በዚህ ደንብ አይጠቀምም። የአሜሪካና የብዙ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዙ ወገኖቻችን እስከ 10 ቀን የሚያስቈይ ሰፊ ፈቃድ ሲኖራቸው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ቻይና ሲበር የኖረ ቢሆንም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህ ሰፊ ፈቃድ በሚመለከታቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ወደ ከተማ የሚያስገባው ሐዲድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በማግኔት ኀይል ተንሳፍፎ የሚከንፈው፣ በጀርመኖች ጥበብ የተሠራው ባቡር ሲሆን፣ 30 ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ያህል ጨርሶ፣ 50 ዩዋን አስከፍሎ፣ ከመሀል ከተማው ገና ሩቅ በሆነ ጣቢያ ያወርዳል። ሁለተኛው የምድር ውስጥ ባቡሩ ሁለተኛ መሥመር ነው፤ ከ10 ዩዋን ባነሰ ዋጋ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ፣ እስከ ምሥራቅ ናንጂንግ መንገድ ያደርሳል። ድንቅ ለማየት የሚወድ በአንደኛው ሄዶ በሁለተኛው ይመለስ።

ከጣቢያው ወጥቶ ሕዝቡ የሚተምበትን ጎዳና ይዞ ወደ ምሥራቅ ጥቂት የተጓዘ ሰው፣ ዋይታን ከተባለው ዳርቻ ደርሶ ጀርባውን ለውሃው ሲሰጥ፣ ባዕዳን ነጋዴዎችና ባንኮች ያቆሟቸው የድንጋይ ሕንጻዎች በረድፍ ይታዩታል፤ በ1923 የተፈጸመው ባለ ጉልላቱ የሆንግኮንግና ሻንጋይ ባንክ፣ ከጎኑ በ1927 የተሠራው ባለ ሰዓት ግንቡ የጉምሩክ ቤት፣ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎም አረንጓዴ ሾጣጣ ጣራ የደፋው፣ በ1929 የተከፈተው፣ ዛሬ የሰላም ሆቴል የሚባለው። ያማሩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የቆሙበትን ምክንያት ሳያውቁ ውበታቸውን ብቻ ማድነቅ በአንድ ዐይን እንደ ማየት ነው። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ከህንድ እያመጡ የሚሸጡት ኦፒየም ሕዝቡን ስላደነዘዘና ብሩን ስላሟጠጠ፣ ሊን ዘሹ የተባለው የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ በ1839 ብዙ ሺሕ ሣጥን ቢያስወግድ፣ እንግሊዝ ስለ ንግዷ ጦርነት አነሣች፤ ድልም አድርጋ በ1842 በተፈረመው የናንጂንግ ውል ሻንጋይን ጨምሮ አምስት ወደቦችን አስከፈተች። ከዚያ ወዲያ ባዕዳን በዚህ ዳርቻ በራሳቸው ሕግ፣ በራሳቸው ፖሊስ እየተዳደሩ አንድ ምእት ዓመት ያህል ተቀመጡ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ያ ባለ ሰዓት ግንቡ ቤት ነው፤ የቻይናን ቀረጥ ለቻይና መንግሥት ይሰበስቡ የነበሩት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሹማምንት፣ ሮበርት ሃርትን የመሰሉ፣ ባዕዳን ነበሩና።

ወንዙን ለመሻገር ለአገር ጐብኝ ያጌጠውን መርከብ መሳፈር አያሻም፤ ሠራተኛው ሕዝብ ብስክሌቱን እየገፋ የሚገባበት ጀልባ በ2 ዩዋን ያሻግራል፤ በከተማው ውስጥ ከዚህ የረከሰና ከዚህ የተሻለ መመልከቻ አላውቅም። ማዶው፣ ፑዶንግ፣ መንግሥት በ1990 ለልማት እስኪያውጀው ድረስ አብዛኛው እርሻና መጋዘን ነበር፤ ዛሬ 632 ሜትር የሚረዝመው፣ በ2015 የተፈጸመው የሻንጋይ ግንብ ቆሞበታል። ወደ ላይ ለመውጣት በሰልፍ ሰዓት ማቃጠልን አልመክርም፤ ከወንዙ ላይ ሲያዩት ይበልጥ ያምራል።

ሰዓት የተረፈው፣ በተለይም የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚወድ፣ ሹጃህዊ ወደተባለው ሰፈር ይውረድ። በዚያ የሹ ጓንግቺ መቃብር አለ። እኒህ የሻንጋይ ተወላጅ የሆኑ ሊቅ በ1603 ተጠምቀው ጳውሎስ ተባሉ፤ ከኢየሱሳውያኑ ማኅበር ከማቴዎ ሪቺ ጋራም የግሪካዊውን የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያ ስድስት ክፍሎች ወደ ቻይንኛ መልሰው በ1607 አሳተሙ፤ በሚንግ ቤተ መንግሥትም ከታላላቆቹ ሹማምንት ማዕርግ ደረሱ። የዚያው ማኅበር አባል ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚያው በ1603 ነው፤ በኛ ዘንድ የማኅበሩ ስብከት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በደም መፋሰስ ሲፈጸም፣ በቻይና ግን የሒሳብ መጽሐፍ ትቶ አለፈ። በአጠገቡ ያለው ባለ ሁለት ግንብ የቀይ ጡብ ካቴድራል በ1910 የተፈጸመ ነው፤ የግንቦቹን ጫፍ የባህል አብዮት አፈረሰው፤ በኋላ ታደሰ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ስለ ገንዘብና ስለ ስልክ አስቀድሞ ይሰናዳ። ሻጩ ሁሉ፣ በጎዳና ላይ ሥጋ ያለበት እንጎቻ የሚሸጠው ሳይቀር፣ በስልክ መክፈልን ለምዷልና አሊፔይ የተባለውን መተግበሪያ ከባንክ ካርድ ጋራ አያይዞ መሄድ ይበጃል፤ ጥቂት ዩዋንም በኪስ አይጥፋ። ጉግል፣ ዋትስአፕና ፌስቡክ በአገሩ ኢንተርኔት አይከፈቱም፤ ስለዚህ ካርታውንና የሚሄዱበትን ስፍራ ስም በቻይንኛ ፊደል ጽፎ ወይም አስጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። በናንጂንግ መንገድ ቀርበው እንግሊዝኛ ልንለማመድ እንወዳለን፣ ሻይ ቤት እንሂድ የሚሉ ትሑታን ወጣቶች ቢገጥሙ፣ የሻዩ ዋጋ ኪስ የሚያራቁት ነውና አመስግኖ ማለፍ ነው።

ወደ ማረፊያው የሚመለሰው የምድር ውስጥ ባቡር ከእኩለ ሌሊት አስቀድሞ ሥራውን ያቆማል። መንገደኛው ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ፑዶንግ መገኘት አለበት፤ ለመግቢያው ፈቃድ አንድ ሰዓት፣ ለመንገዱ በየአቅጣጫው ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚሄድም፣ ቈይታው ከ8 ሰዓት በታች የሆነ ሰው ከወንበሩ ባይነሣ ይሻለዋል።