የተጋደመ ስንዴ ለሚያጭዱ የኮምባይነር ኦፕሬተሮች

በኢተያና በአካባቢዋ ስንዴው ከደረሰ በኋላ ያለወቅቱ ዝናብ ሲመታው ይጋደማል። ለቆመ ሰብል የተስተካከለ ኮምባይነር እንዲህ ያለውን ዛላ ከሥሩ ትቶት ያልፋል። የገበሬው የዓመት ልፋት መሬት ላይ እንዳይቀር እነዚህን አስተካክሉ፦

1. ሰብል ማንሻ፦ በመቁረጫው ፊት የሚታሰሩት ረጃጅም ብረቶች የተኛውን ዛላ ከምላጩ በላይ ያነሳሉ። ድንጋይ ያለበት ማሳ ስለሚያጎብጣቸው በየጊዜው ይፈተሹ።

2. ሪል፦ ወደ ፊት ግፉት፣ ዝቅ አድርጉት፣ ጣቶቹንም ወደ ኋላ አዘንብሉ። ፍጥነቱ ከማሽኑ ጉዞ በጥቂቱ ብቻ ይብለጥ፤ ከበዛ ፍሬ ያራግፋል።

3. አቅጣጫ፦ ሰብሉ በወደቀበት ተቃራኒ ወይም በጎን ግቡ፤ በዝግታም ንዱ።

4. ድራምና ኮንኬቭ፦ እርጥብ ዛላ በቀላሉ አይፈለፈልም። ክፍተቱን በጥቂት በጥቂቱ አጥብቡ። ፍሬ መሰባበር ከጀመረ የድራሙን ፍጥነት ቀንሱ። የብቅል ገብስ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ብቅል የሚሠራው ከሚበቅል ፍሬ ነውና የተሰበረው ለፋብሪካው አይሆንም።

5. ብክነት መቁጠር፦ ጥቂት ሜትር አጭዳችሁ ቁሙና ከማሽኑ ኋላ በተለያዩ ቦታዎች የወደቀውን ፍሬ ቁጠሩ። 1000 ፍሬው 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ ከሆነ፣ በካሬ ሜትር በአማካይ 250 ፍሬ ማለት በሄክታር 1 ኩንታል ጠፋ ማለት ነው።

ገበሬዎችም ቆጠራው ላይ አብራችሁ ቁሙ፤ መብታችሁ ነው። ኦፕሬተሮች ሆይ፣ ሞተር ሳታጠፉና ቁልፉን ሳትነቅሉ እጃችሁን ወደ ማሽኑ አታስገቡ!