የዘይት መብራት ሲበራ፦ ቡልቦው ነው ወይስ ሞተሩ?

ከያቤሎ በሬ ጭኖ ወደ ሞጆ ቄራዎች የሚነሳ አሮጌ አይሱዙ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለበት። መሀል ላይ የዘይት መብራቱ ቦግ ሲል ሾፌሩ ይጨነቃል። ቢቆም ከብቱ በፀሐይ ይጎዳል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፤ ቢነዳ ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። ብዙዎች «ቡልቦው ነው» ብለው ይቀጥላሉ። አንዳንዴም ልክ ናቸው።

ቡልቦው ሞተሩ ላይ የታሰረ ትንሽ ማብሪያ ነው። የዘይቱ ግፊት ሲወርድ የመብራቱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል፣ መብራቱም ይበራል። ስለዚህ ልባሱ ተልጦ ሻንሲ የነካ ሽቦም ያንኑ ያደርጋል። ከብት የሚጭን መኪና ደግሞ ሽንትና እበት ይወርድበታል፣ ከማራገፊያ በኋላም በኃይለኛ ውሃ ይታጠባል፤ ሽቦና ሶኬት ቶሎ ቢበላሽ አይገርምም።

መብራቱ ሲበራ ሾፌሩ ጥላና ሜዳ ፈልጎ ሞተሩን ያጥፋ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጣ። ጎድሎ ከሆነ ይሙላ፣ የሚያፈስበትንም ይፈልግ። ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ግን ዘይቱ ቀጥኗል፤ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ዘይቱ ደህና ከሆነ የቡልቦውን ሽቦ ነቅሎ ጫፉ ብረት እንዳይነካ ይያዝና ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት ነው። መብራቱ አሁንም ከበራ ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። ይህ ግን ግፊቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እስኪጠገን ድረስ መብራቱ ስለ ዘይቱ ምንም አይናገርም ማለት ነው። ከጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው በቡልቦውና በሞተሩ መካከል ነው።

ይህን የሚለየው ማኖሜትር ብቻ ነው። መካኒኩ ቡልቦውን ፈትቶ በቦታው ያስረዋል። ሞተሩ ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መርፌው ካልወጣ ወዲያው ይጥፋ። ከወጣ ሞተሩ እስኪግል ይጠበቅ፤ ሲቀዘቅዝ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ንባቡ ያታልላል። በተለምዶ ለ1000 ዙር 0.7 ባር ገደማ ይጠበቃል፤ የፋብሪካው መመሪያ ካለ ግን የእሱ ቁጥር ይበልጣል።

በጣም የሚናቀው ሞተሩ ሲግል ሚኒሞ ላይ ብቻ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ስለሚጠፋ «ውሸት» ይባላል። የተበላ ብሮንዚን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የቡልቦ ዋጋ ከሞተር እድሳት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሳይለኩ ቡልቦ ብቻ ለውጦ መጫን ግን ቁማር ነው።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ነጋዴም አንድ ነገር ይይ። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፑሉ ተቃጥሏል፣ አለዚያም አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎታል።