ለፈጣን አውቶሞቢል የሚስማማ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

በንግድ ዕቃዎች መካከል ገዢው በዐይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ደግነቱን ሊለይ ከማይችላቸው አንዱ ጎማ ነው። ጨርቅ ይዳሰሳል፤ ቡና ይቀመሳል፤ ጎማ ግን ሁሉም ጥቁር፥ ሁሉም ክብ፥ አዲስ ሲሆንም ሁሉም የሚያብረቀርቅ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በጎኑ ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ፥ ያ ካልተነበበ ደግሞ መንገድ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። በተለይ የስፖርት አውቶሞቢል ወይም ኀይሉ የበዛ መኪና ያለው ደንበኛ ወደ ሱቅ ሲመጣ፥ «መጠኑ ይስማማል» ተብሎ ብቻ የሚሸጥለት ጎማ የሰው ሕይወት የተጣለበት ዕቃ ነውና፥ ሻጩ የሚሸጠውን አንብቦ መሸጥ ይገባዋል።

የሞተሩ ኀይል፥ የፍሬኑ መያዝ፥ የመሪው መታዘዝ ሁሉ በመጨረሻ ወደ መሬት የሚደርሰው በአራቱ ጎማዎች በኩል ነው። እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ መሬት የሚነካበት ስፍራ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ጎማው በአንድ ሰከንድ 17 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በዞረ ቍጥርም መሬት በሚነካበት በኩል ይጐብጣል፥ ወዲያው ይቃናል። ይህ መጕበጥና መቃናት ሙቀት ይፈጥራል። በፍጥነት ላይ ሳለ የሚፈነዳ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው በዚሁ ሙቀት ነው። ስለዚህ ለፈጣን መኪና ጎማ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ድካማቸው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ መሬትን አጥብቆ የሚይዝ ላስቲክ ማዘጋጀትና ሙቀቱን የሚችል አካል መስጠት።

ዛሬ ለቤት መኪና የሚሸጠው ጎማ ሁሉ ማለት ይቻላል ራዲያል የሚባለው ነው። የፈረንሳዩ ሚሽለን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1946 በፈጠራ መብት አስመዝግቦ፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለገበያ አወጣው። ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፤ ከላያቸውም የብረት መቀነት ይታጠቃል። ለከፍተኛ ፍጥነት በሚሠራው ጎማ ላይ ደግሞ ጎማው ሲከንፍ ብረቱ ወደ ውጭ እንዳይወጠር የናይሎን መቀነት ይጨመርበታል። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምክንያት ይህ ከውጭ የማይታይ መቀነት ነው።

በጎኑ ላይ የተቀረጸውን ለማንበብ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ 245/40 ዜድ አር 18 97 ዋይ። 245 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 40 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 40 በመቶ ነው፤ ይኸውም 98 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 97 የጭነት ቍጥር ሲሆን፥ አንዱ ጎማ 730 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የመጨረሻው ፊደል የፍጥነቱን ልክ ይናገራል። ኤች 210፥ ቪ 240፥ ደብሊው 270፥ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ዋይ በቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ከ300 በላይ ማለት ነው። ዜድ አር የሚለው ደግሞ ጎማው ከ240 በላይ ለሚሄድ መኪና የታሰበ መሆኑን ያመለክታል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ነጋዴ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው፥ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የፍጥነት መንገድ እንኳ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይፈቀድም፤ ታዲያ 300 የሚችል ጎማ ለምን ተፈለገ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፊደሉ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ፊደሉ ከፍ ያለ ጎማ እንደ ደንቡ አካሉ የጠነከረ፥ ለመሪ ፈጥኖ የሚታዘዝ፥ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የማይልፈሰፈስ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ፍሬኑንና ሞላውን የመዘነው በዚያ ጎማ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ደንቡ ቀላል ነው፤ ፋብሪካው ካዘዘው ፊደል በታች መሸጥ ጥፋት ነው፤ ከዚያ በላይ መሸጥም ለደንበኛው የሚጨምርለት ጥቅም እምብዛም የለም።

ብዙ ገዢዎች የማይረዱት ነገር መሬት አጥብቆ የሚይዝ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚያልቅ መሆኑን ነው። ለአሜሪካ ገበያ በሚሠራ ጎማ ጎን ላይ ትሬድዌር የሚል ቃልና ቍጥር ይገኛል። መነሻው 100 ሲሆን፥ 200 የተባለው በመንግሥቱ የመፈተኛ መንገድ ላይ በመነሻነት ከተያዘው ጎማ ዕጥፍ ይቆያል ማለት ነው። ለፈጣን መኪና የሚሆኑት ብዙ ጊዜ በ200 እና በ300 አካባቢ ይገኛሉ፤ ለረጅም ጕዞ የሚሠሩት ግን 500ን ያልፋሉ። ቍጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለ ሆነ፥ የአንዱን ፋብሪካ ጎማ ከሌላው ጋር በዚህ ብቻ ማወዳደር አያስተማምንም፤ የአንድ ፋብሪካ ሁለት ዓይነቶችን ለማነጻጸር ግን ይረዳል። ደንበኛው ይህ ሳይነገረው ገዝቶ ጎማው ካሰበው ጊዜ በፊት ጥርሱ ሲያልቅ «የተበላሸ ዕቃ ሸጠብኝ» ብሎ ቢመጣ፥ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ሲሸጥ ያልተነገረው ቃል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዝናቡን ማሰብ ያሻል። በአዲስ አበባ ክረምት አስፋልቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ከዘይትና ከጭቃ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሹፌር የለም። የጎማ ጥርስ ዋና ሥራው ውሃውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ሲኖረው፥ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድ በጥርሶቹ መካከል ያሉት ማመልከቻዎች ከላዩ ጋር ይተካከላሉ። የአውሮፓ ሕግ የሚፈቅደው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ሆኖም ሰፊ ጎማ ከጠባቡ ይልቅ በውሃ ላይ ለመንሳፈፍ የቀረበ ስለ ሆነ፥ ለስፖርት መኪና 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ይሻላል። ለእሽቅድምድም ሜዳ ተብለው የሚሠሩ፥ ጥርሳቸው ጥቂት የሆነ ጎማዎች አሉ፤ መልካቸው ወጣቶችን ይማርካል። በሐምሌና በነሐሴ በከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው እነዚህን መሸጥ ግን ተገቢ አይደለም። በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጥ ጎማ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በታደሰው መለያ ወረቀት ላይ በእርጥብ መንገድ የመያዝ ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ተመልክቷል፤ ዕቃ ሲታዘዝ በመጀመሪያ የሚታየው ይህ ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው የአገራችን ነገር ጕድጓድ ነው። የስፖርት መኪና ጎማ ጎኑ አጭር ስለ ሆነ፥ ስለታም ጠርዝ ያለው ጕድጓድ ሲያገኘው ክሩ ተቈርጦ ጎኑ ላይ እንደ ዕንቍላል ያለ እብጠት ያወጣል፤ ቸርኬውም ይጣመማል። እብጠት ያወጣ ጎማ አይጠገንም። ለዚህ አንድ ደህና መፍትሔ አለ፤ የመኪናው ፋብሪካ ከፈቀደና ፍሬኑ የማይነካ ከሆነ፥ ቸርኬውን በአንድ ኢንች ዝቅ ማድረግ ነው። ለምሳሌ 225/40 አር 18 የሚጠቀም መኪና 225/45 አር 17 ቢደረግለት፥ የጎማው ጠቅላላ ከፍታ የሚለየው በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ የፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም፤ ጎኑ ግን 11 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ባለ መኪናው የመልኩን ነገር ሊያጕረመርም ይችላል፤ ለወገቡና ለኪሱ ግን ይሻለዋል።

በአገራችን እውነተኛ የስፖርት አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ነገር ለነጋዴው ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ወደ አገር የሚገቡት የቤት መኪናዎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብቻ እንዲሆኑ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ስለሚከብድ ከነዳጅ አቻው በጥቂት መቶ ኪሎ ይበልጣል፤ ኀይሉንም ገና እግር ሲነካው ሁሉን በአንድ ጊዜ ይለቃል። አንዳንዶቹ ከቆሙበት ተነሥተው ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህ ቀድሞ የታወቁት የእሽቅድምድም መኪናዎች ብቻ ሥራ ነበር። በዚህ ላይ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከኀይሉ አምስት አንድ እጅ ያህል ሲያጣ፥ የኤሌክትሪኩ ምንም አያጣም። ስለዚህ የስፖርት መኪና ጎማ ዕውቀት ከጥቂቶች ጓዳ ወጥቶ የተራው ሱቅ ጕዳይ ሆኗል። ለእነዚህ መኪናዎች የጭነት ቍጥሩን ዝቅ አድርጎ መሸጥ ከሁሉ የከፋ ነው። በመጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ ጎማ ተራ፥ ኤክስ ኤል ወይም ኤች ኤል ሊሆን ይችላል፤ ኤች ኤል የተባለው ከተራው 20 በመቶ ያህል የበለጠ ክብደት ይችላል። ጎሚስታውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አንዳንዶቹ ድምፅ ለመቀነስ በውስጣቸው ስፖንጅ የተለጠፈባቸው ስለ ሆነ፥ ሲጠገኑ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ስለ ነፋስ ልክ ጥቂት ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ከወደቡ በሩብ ባር ያህል ያንሳል። ስለዚህ በጅቡቲ የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ አዲስ አበባ ሲደርስ መለኪያው ሩብ ባር ጨምሮ ባሳየ ነበር። ነገር ግን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የጎማው ግፊት በ0.1 ባር ያህል ስለሚቀንስ፥ የወደቡ ሐሩርና የከተማው ብርድ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ወደ አዋሽና ወደ አፋር ሲወረድም ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ቈላ ልወርድ ነው» ብሎ ነፋስ አስቀድሞ ማስቀነስ ጎማውን ለሙቀት ማጋለጥ ነው። ልኩ መታየት ያለበት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፥ ባሉበት ስፍራ፥ በበሩ ወይም በመጽሐፉ ላይ በተጻፈው መሠረት ነው።

አሁን ወደ አስመጪው ጕዳይ እንመለስ። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ምልክት በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2324 ማለት እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፥ ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። ጸሐፊው በሚሠራበት የንግድ ቤት አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጭነት ሲከፈት፥ ከጎማዎቹ ሲሶ ያህሉ ከመድረሳቸው 3 ዓመት በፊት የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ደብዳቤ ቢጻፍለት ላኪው «አዲስ ናቸው፤ መንገድ አልነኩም» ሲል መለሰ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን በመጋዘን ታስሮ ቀረ፤ ለስላሳ የስፖርት ጎማ ደግሞ ፈላጊው ጥቂት ስለ ሆነ በየወሩ እያረጀ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በሚጻፍ ትእዛዝ ሁሉ ላይ፥ ዕቃው መርከብ ላይ በሚጫንበት ቀን ከተሠራ ከ6 ወር ያልበለጠው እንዲሆንና የሳምንቱ ቍጥር በእሽግ ዝርዝሩ ላይ እንዲጻፍ ይጠየቃል። ይህ ቃል በባንኩ የመተማመኛ ሰነድ ላይ ካልገባ ግን ሰነዱ ሲቀርብ ባንኩ ለመክፈል አይከለከልም። በመጋዘንም ጎማዎቹ ፀሐይ በማይደርስበት፥ ከነዳጅና ከዘይት፥ እንዲሁም ከኤሌክትሪክ ሞተር በራቀ ስፍራ ቀጥ ብለው ይቁሙ።

የስፖርት ጎማ ሲታዘዝ «አራት አራት» ብሎ ማዘዝ ልማድ ሆኗል፤ ይህ ልማድ ለብዙዎቹ አይሠራም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፖርሽ 911 ካሬራ ከፊት 235/40 ዜድ አር 19፥ ከኋላ 295/35 ዜድ አር 20 ነው የሚለብሰው፤ የፊቱ ወደ ኋላ አይዛወርም፤ የኋላውም ቀድሞ ያልቃል። እንግዲህ ከፊቱ ይልቅ የኋላውን ማብዛት ይገባል። ደግሞም በጎኑ ላይ ኤን ዜሮ ወይም ኤን ዋን ያለበት ለፖርሽ፥ ኮከብ ያለበት ለቢ ኤም ደብሊው፥ ኤም ኦ ያለበት ለመርሴዲስ በፋብሪካው ተፈትኖ የተፈቀደ ነው። መጠኑና ስሙ አንድ ሆኖ ምልክት የሌለው ጎማ ውስጡ የተለየ ሊሆን ይችላልና፥ በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን አቀላቅሎ ማሰር አይገባም። ደንበኛው ሁለት ብቻ የሚገዛ ከሆነም የቀድሞዎቹን ጎማዎች ሙሉ ጽሑፍ በወረቀት ገልብጦ እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ የሱቁ ጸሐፊም ያንን ወረቀት ከደረሰኙ ቅጂ ጋር አያይዞ ያስቀምጠው።