ከቅኔ ማኅሌት ወደ ሜዳ፤ መስቀል አደባባይና የቦንጋው ቦንጌ ሻምበቶ

ልደትና ትንሣኤ በሌሊት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይከበራሉ። የመስቀል ደመራና የጥምቀት ከተራ ግን ካህኑንም ምእመኑንም በአንድነት ወደ ሜዳ ያወጣሉ። በቅኔ ማኅሌት ሲወርድ የሚያድረው ዜማ በእነዚህ ሁለት በዓላት ጣሪያና ግድግዳ ወደሌለበት ይወጣል፤ ጸናጽሉ በነፋስ መካከል ይንሿሿል፤ ከበሮውን ከቅጥሩ ውጭ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። በሀገራችን ሰፊ ሕዝብ በዜማ የሚሰበሰብባቸው ሜዳዎች ታሪክ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ወደ ደመራና ወደ ታቦት ማደሪያ የሚመራንም ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሜዳዎች ስሙ ባሕር ተሻግሮ የታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው መስቀል አደባባይ ነው። በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተንጣሎ፣ በአንድ ወገኑ በግማሽ ክብ ቅርጽ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ የሚወጣ መቀመጫ አለው። ከላይኛው እርከን የተቀመጠ ሰው ከታች የሚሆነውን ሁሉ ያያል። በማለዳ ስፖርተኞች ይሮጡበታል፤ መስከረም 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሸፈናል። ከዋና ከተማው 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን በቦንጋና በአካባቢዋ የምንኖር ቤተሰቦችም የራሳችንን ችቦ እያሰርን፣ ቡናው እየተፈላ፣ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን እንከታተላለን።

አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ በዓል ነው። ነገር ግን ስሙ ያለ ፈተና አልኖረም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ «አብዮት አደባባይ» ተባለ፤ በቦታው የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎች ቆሙ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር በዚያው አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰባብረዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን እልቂት የማያስታውስ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቀድሞ ስሙ ተመልሶለታል። የክርስቶስን መስቀል ስም የተሸከመ ሜዳ የደም ምልክት መወርወሪያ ሆኖ እንደ ነበር ዛሬ በደረጃዎቹ ላይ ለሚሮጡ ወጣቶች ሊነገራቸው ይገባል።

በቅርብ ዘመን ከዓለማዊ የሙዚቃ ዝግጅቶች ሁሉ በውጭው ዓለም ይበልጥ የተወራለት ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊን 60ኛ ዓመት የልደት መታሰቢያ ምክንያት በማድረግ የቀረበው ነው። አደባባዩ ከልዩ ልዩ አህጉር በመጡ እንግዶችና በከተማው ነዋሪ ተጥለቀለቀ። በዚያ ከተገኙት መካከል ብዙዎች ላያውቁት የሚችሉ፣ ለእኛ ግን የሚደንቅ አንድ ነገር አለ። ዘፋኙ በ1973 ዓ.ም. ከማረፉ ከጥቂት ወራት በፊት በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ «ብርሃነ ሥላሴ» የሚል የክርስትና ስም ተቀብሎ ነበር፤ ሥርዓተ ቀብሩም በጃማይካ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተፈጽሟል። እንግዲህ ኅብረተ ሰቡ «ኮንሰርት» ብሎ የሚጠራው ያ ዝግጅት፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ አንድ የተጠመቀ ክርስቲያን በመስቀሉ ስም በተጠራ ሜዳ የታሰበበት ቀን ሆኗል።

ይህን ስል ዘፈንና ማኅሌት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። በሙዚቃ ዝግጅት መድረክ አለ፤ ከመድረኩ ወዲያ አድማጭ አለ። ደመራ ግን መድረክ የለውም። ችቦው በመካከል ይቆማል፤ ሕዝቡ ይዞረዋል፤ ሁሉም ተቀባይ ነው። እርግጥ ነው፣ የድምፅ ማጉያው በበዛ፣ የክብር እንግዶች ድንኳን በሰፋ ቁጥር ደመራውም ራሱ ወደ ትርኢት እንዳያዘነብል ያሰጋል። ከእርከኑ ላይ ተቀምጦ በስልኩ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ከዘማሪው እየበዛ መሆኑን ማንም የሚያየው ነው። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው የሕዝቡ ተሳትፎ እንጂ የሜዳው ስፋት አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ታድሶ ከበታቹ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል፤ ሥራው ያማረ ነው። ዝማሬው ግን በኮንክሪት አይታደስም።

ስለ ተሳትፎ ከተነሣ ከካፋ የምንማረው አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚናገሩት ክርስትና በዚህ ምድር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት ታውጆ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ካህንና መጽሐፍ ሳሱ። ሕዝቡ ግን በየመስከረሙ መሰብሰቡን አልተወም። የቀድሞዎቹ የካፋ ነገሥታት ሚክሬቾ ከሚባሉት አማካሪዎቻቸው ጋር ይገኙበት የነበረው የቦንጋው ቦንጌ ሻምበቶ የዘመን መለወጫው የማሽቃሬ ባሮ ማክበሪያ ሆኖ ኖሯል። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተማርከው ዙፋኑ ካለፈም በኋላ የቦታው ክብር አልጠፋም፤ ዛሬም በመስከረም ሕዝቡ በዚያ ይሰበሰባል። ማሽቃሮ የሚለው ቃል «መስቀል»ን የሚያስታውስ ድምፅ አለው። እኔ ይህን እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አድርጌ ለማየት እቸገራለሁ። ካህን ሲያጣ በዓሉን በሜዳ፣ በእርስ በርስ ምርቃትና በዜማ ያቆየ ሕዝብ ታሪክ ይመስለኛል።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች። ከተማዋ እየሰፋች ነውና የሕዝብ መሰብሰቢያ ሜዳዎቿ ከወዲሁ በካርታ ተከልለው እንዲጠበቁ ማሳሰብ የሚመለከታቸው ሁሉ ድርሻ ነው። ለልጆች ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የደመራውን ዝማሬ ማስጠናት ያስፈልጋል፤ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከነሐሴ ጀምረው ሊያስጠኑ ይችላሉ። በመስከረም 17 ማለዳ እናቶች ከደመራው አመድ ቆንጥረው በልጆቻቸው ግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ሲያደርጉ፣ ልጆቹ የሚያዜሙትን ያውቁ ዘንድ።