ስለ «አስቶኒሽ»

እንግሊዞች ድንገተኛና ብርቱ መደንገጥን ከሚገልጹባቸው ቃላት መካከል «አስቶኒሽ» የሚለው ግስ፥ ማስደነቅ ወይም ማስደንገጥ ማለት መሆኑን ተማሪ ሁሉ ስለሚያውቀው፥ ምሥጢሩን ሳይመረምሩ የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው።

የተገኘው ከሮማይስጥ ነው። በዚያ ልሳን «ቶናሬ» ማንጐድጐድ ማለት ሲሆን፥ ከዚሁ የወጣው ግስ በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኤስቶኔር» ተብሎ፥ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ ወዲህ የጌቶቹ ልሳን ከባላገሩ ልሳን ጋራ ሲቀላቀል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በጥንት ዘመን ትርጓሜው ለሥጋም ለነፍስም ነበረ፤ ዱላ አናቱን መትቶት ራሱን የሳተና ክፉ ወሬ ሰምቶ ልቡ ክው ያለ ሰው በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር።

እኔን የሚያስቆጨኝ ግን፥ ድንጋይ በእንግሊዝኛ «ስቶን» ስለሚባል፥ «አስቶኒሽ» እንደ ድንጋይ አደረቀ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች ነገር ነው፤ አንድ ወጣትም ይህንኑ በፊቴ በታላቅ ድፍረት ሲተረጕም ሰምቻለሁ። በእኛም አገር የደነገጠ ሰው ድንጋይ ሆኖ ቀረ ይባላልና አነጋገሩ ጆሮ ይስባል፤ ዳሩ ግን የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን አያጸናም። በንጉሥ ያዕቆብ ዘመን በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይመርመር። ናቡከደነፆር ሦስቱን ደቂቅ በጣለበት እቶን ውስጥ አራት ሰዎች ሲመላለሱ ባየ ጊዜ፥ ተርጓሚዎቹ መደንገጡን በዚሁ ቃል ጥንታዊ መልክ፥ «አስቶኒድ» ብለው ጽፈው፥ ፈጥኖ እንደ ተነሣ ይጨምራሉ፤ ድንጋይ የሆነ ሰው እንዴት ፈጥኖ ይነሣል? ዕዝራ ደግሞ የሕዝቡን መተላለፍ ሰምቶ ልብሱን ከቀደደ በኋላ፥ በዚያው ቃል ደንግጦ እስከ ሠርክ መሥዋዕት ተቀመጠ። ባለቅኔው ሚልተንም በ1667 ባሳተመው የገነት መጥፋት ድርሰቱ፥ አዳም የሔዋንን በደል በሰማ ጊዜ በዚሁ ቃል አቆመው። አንዱ ተነሣ፥ አንዱ ተቀመጠ፥ አንዱ ቆሞ ቀረ፤ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው መድረቅ ሳይሆን በድንገት የወረደባቸው ምት ነው።

«አስታውንድ»ና «ስተን» የዚሁ ቃል ወንድሞች መሆናቸውን ጠቅሼ ልለፍ።

እንግዲህ ይህን ቃል አውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ በዘገየ ቍጥር የሚያነሡ ሰዎች እባካቸው ይታገሡ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር «ሰርፕራይዝ» ይበቃል፥ እርሱም ቢሆን ይበዛል። አውቶቡስ ቢዘገይ ሰው ይናደድ ይሆናል እንጂ፥ ራሱን ስቶ የወደቀ ማን አለ?