የቃሪያ ስንግ በጭድ ቅርጫት

ቃሪያ ስንግን የማያውቅ የለም። ቃሪያው በጎኑ ይሰነጠቃል፤ ፍሬው ይወጣል፤ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም ከጨውና ከዘይት ጋር ይሞላበታል። ይህ በጥሬው የሚበላ ነው። እንደ ቱርክና ግብፅ ባሉ አገሮች ደግሞ ትልልቁን ቃሪያ ሩዝና ሥጋ ሞልተው በቀስታ ያበስሉታል። እኛም የፈረንጅ ቃሪያ የምንለውን፣ ወፍራሙንና የማያቃጥለውን ብናገኝ እንዲሁ ማድረግ እንችላለን።

ታዲያ ችግሩ ማገዶ ነው። በቀስታ የሚበስል ምግብ ለረጅም ጊዜ እሳት ይፈልጋል። እንጨቱን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ለመሆኑ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ድስቱ በራሱ ሙቀት ሊያበስል ይችላል? አዎን፣ ይችላል።

የፈላ ድስት ከጉልቻ ሲወርድ ቶሎ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱን ነፋስ ስለሚወስድበት ነው። ጭድ ውስጥ ግን የማይንቀሳቀስ አየር አለ። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢ የሚያሞቀንም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ ብዙ ቤተሰቦች ማገዶ ለመቆጠብ ድስታቸውን ድርቆሽ በሞላው ሣጥን ውስጥ ያበስሉ ነበር። በአሜሪካም ኢርቪንግ ናክሰን የተባለ ሰው በ1940 (እ.ኤ.አ.) በቀስታ ለሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት የፈጠራ መብት አገኘ። ለእኛ ግን ቅርጫትና ጭድ ይበቃናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. በሰፊ ቅርጫት ውስጥ ደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁ። ከድስቱ ሥርና ዙሪያ ቢያንስ ግማሽ ስንዝር፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። መክደኛ የሚሆን ጭድም በጆንያ ሙሉ።

2. ምስርና ሩዝ ለየብቻ ቀቅሉ። ሩዙ ሙሉ በሙሉ ባይበስልም ግድ የለም። ከተቁላላ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ቀላቅሉት። ሥጋ የምትጨምሩ ከሆነ ተፈጭቶ አስቀድሞ በደንብ ይብሰል።

3. የቃሪያዎቹን አናት ቆርጣችሁ ፍሬውን አውጡ፤ ሙሏቸው። ድስት ውስጥ አቁማችሁ ደርድሯቸው። የቲማቲም ስልስና ውሃ እስከ ቃሪያዎቹ ወገብ ድረስ ጨምሩ። ድስቱ ሙሉ ቢሆን ይሻላል፤ ጎዶሎ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

4. ድስቱን ክደኑና አፍሉት። ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ይንተክተክ።

5. ክዳኑን ሳትከፍቱ አውርዱት። ፍም ከሥሩ እንዳይከተለው ጥረጉት፤ አለዚያ ጭዱ ይያያዛል። ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጡት፤ በጆንያውና በጋቢ አፍኑት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። እስቲ ልየው ብላችሁ አትክፈቱት፤ የተከፈተ ድስት ሙቀቱን ይጥላል።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ! ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ለማብሰል ይበቃል። ነገር ግን ምግቡ ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን መራባት ይጀምራሉ። ለብ ያለ ድስት ለእነርሱ ምቹ ቤት ነው። ስለዚህ በቅርጫቱ ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ በፍጹም አታሳድሩት። ሲወጣ እንፋሎቱ ካልታየና እጅ የማያስጠጋ ትኩስ ካልሆነ፣ ምግቡ ሳይቆይ እንደገና ይፍላ። ሙሌቱ ቀይ ቦሎቄ ከሆነም ጥሬውን በቅርጫት አታብስሉ። በደንብ ያልፈላ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያሳምም መርዝ አለው፤ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ውሃው ተለውጦ እስኪበስል ድረስ እሳት ላይ ይፍላ።

ይህ ዘዴ ለሥራ ይመቻል። ማሽላ ከወፍ የምትጠብቅ እናት እሳት ለመቆስቆስ ወደ ቤት አትመላለስም። በረመዳንም አሥር ሰዓት ላይ ቅርጫት የገባ ድስት ለማፍጠሪያ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል። በጾም ወራትም በምስር ብቻ የተሞላው ያገለግላል። ሙቀት የቃሪያውን ቪታሚን ሲ በከፊል ስለሚያጠፋ ግን፣ ጥሬውን ስንግ ጨርሳችሁ አትተዉት።

ለሙቀቱ እንጨት ተሸክመንለታል፤ ለነፋስ አንስጠው።

ጥያቄዎች
1. ጭድ ድስቱን እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርገው ለምንድን ነው?
2. ድስቱ ቅርጫት ውስጥ ለምን ማደር የለበትም?
3. በቤታችሁ በዚህ ዘዴ ሊበስል የሚችል ሌላ ምን ምግብ አለ?