ካሣው ለጌታው፣ ጥይቱ ለባሪያው፦ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስለ ተዋጉ ጥቁር ወታደሮች

በቅርቡ በአንድ ጭውውታችን ላይ፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ «የኢትዮጵያ ሬጅመንት» የሚባል የጥቁሮች ጦር ነበረ የሚል ነገር ተነሥቶ ብዙዎቻችን በስሙ ብቻ ደስ ብሎን ነበር። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ጦር የተሰለፈው ለነጻነት ከተነሡት አሜሪካውያን ጋር ሳይሆን ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን መሆኑ ሲነገር ቤቱ ዝም አለ። አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት 250ኛ ዓመት የሚሞላው በ2026 ነው፤ ስለ ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያም በዚሁ ሰበብ ብዙ ይባላል። በመሆኑም ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁሮች በዚያ ትግል ውስጥ የገቡት ከመጀመሪያው ነው። በ1770 የእንግሊዝ ወታደሮች ቦስተን ላይ ተኩሰው ከገደሏቸው አምስት ሰዎች አንዱ የአፍሪካና የቀይ ሕንዶች ዘር ያለበት ክሪስፐስ አተክስ ነበር። በሰኔ 1775 በበንከር ሂል ውጊያ የተሰለፈው ሴለም ፑር ደግሞ እንደ ልምድ ያለው መኮንን ሆኖ መዋጋቱን 14 መኮንኖች ፈርመው መስክረውለታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ጄኔራል ዋሽንግተን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጥቁሮች በሠራዊቱ እንዳይመዘገቡ አዘዘ። ባሪያ የሚያሳድሩ የደቡብ ባለጸጎች በጥቁር እጅ ጠመንጃ ማየት አልወደዱም።

በዚያው ወር የቨርጂኒያው እንግሊዛዊ ገዥ ሎርድ ደንሞር አዋጅ አወጣ፤ የዐመፀኞች ባሪያ ሆኖ ለንጉሡ መሣሪያ የሚያነሣ ሁሉ ነጻ ይሁን አለ። ዐመፀኛ ያልሆነ ጌታ ባሪያውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ደንሞር ራሱም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ሆኖም ሰዎቹ በመቶ እየሆኑ ከየእርሻው ጠፍተው ገቡ። ጦራቸው «የኢትዮጵያ» ተባለ፤ ይህም የሆነው ፈረንጅ ከጥንት ጀምሮ ጥቁርን ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ስለ ነበረ እንጂ የእኛ ሰው በመካከላቸው ስለ ነበረ አይደለም። ብዙዎቹን የጨረሳቸውም ጥይት ሳይሆን በ1776 በሰፈራቸው የገባው ፈንጣጣ ነው። ሕክምና እንደሚማር ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ከቁስል ላይ ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን በመከተብ ፈንጣጣን መከላከል እንደሚቻል በቦስተን ከተማ ካስታወቁት አንዱ ኦኒሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያ ነበር፤ በ1721 ወረርሽኝም ተሞክሮ ሠርቷል። ዋሽንግተን በ1777 ሠራዊቱን በሙሉ እንዲከተብ ያዘዘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ወደ ወታደሮቹ እንመለስ። ጦርነቱ ሲረዝምና ሰው ሲጠፋ እገዳው እየላላ ሄደ። በየካቲት 1778 የሮድ አይላንድ ምክር ቤት፣ ለውትድርና ብቁ ሆኖ የተመዘገበ ባሪያ ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነጻ እንዲሆን ሕግ አወጣ። ለጌታውም እንደ ግምቱ እስከ 120 ፓውንድ ካሣ ይከፈለዋል። ከዚህ ላይ ሕጉ ምን እንዳደረገ ልብ እንበል፤ ደሙን የሚያፈሰው ባሪያው ነው፣ «ተጎዳህ» ተብሎ የሚካሰው ግን ጌታው ነው። ነጻነቱም የወታደሩ ብቻ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ባሪያ ከሆኑ ባሪያ እንደሆኑ ይቀራሉ። ይህም በዝቶ ታየና ምዝገባው በሰኔ ወር ተዘጋ።

በዚህ መንገድ የገቡት ባሪያዎች 200 እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ በነሐሴ 29 ቀን 1778 በሮድ አይላንድ ውጊያ የጀርመን ቅጥር ወታደሮች ደጋግመው ሲያጠቁ መስመራቸውን ሳይለቁ መለሷቸው። አዛዣቸው ኮሎኔል ክሪስቶፈር ግሪን በግንቦት 1781 ኒውዮርክ ውስጥ በድንገተኛ ጥቃት ሲገደል ከጥቁር ወታደሮቹ ብዙዎቹ አብረውት ወደቁ። የተረፉት ሠራዊቱ በ1783 ሲበተን ውዝፍ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ ተሰናበቱ። በ1818 ጡረታ የተፈቀደውም ድኽነቱን ማስረዳት ለሚችል ነበር፤ ሽማግሌው ወታደር ዳኛ ፊት ቆሞ ያለውን ዕቃ ይቆጥራል።

ከንጉሡ ጋር የተሰለፉትስ? በ1783 ወደ 3,000 የሚጠጉ ጥቁሮች ከኒውዮርክ በመርከብ ወደ ኖቫ ስኮሺያ ተወሰዱ። የተሰጣቸው መሬት ጥቂትና ጭንጫ ሆኖባቸው በ1792 ወደ 1,200 ያህሉ ሴራሊዮን ገብተው ፍሪታውንን መሠረቱ። እንግዲህ በሁለቱም ወገን የቆመው ሰው የፈለገው ነገር አንድ ነበር። ስለዚህ «ከዳተኛ» እና «አርበኛ» እያሉ ጥቁሩን ወታደር ለሁለት መክፈል የጌቶቹ ሂሳብ እንጂ የእርሱ አይመስለኝም።

በአሜሪካ ወገን የተዋጉት ጥቁሮች 5,000 ያህል እንደነበሩ ይገመታል። ታሪካቸውን በመጽሐፍ ለመሰብሰብ የጣረው ጥቁሩ ጸሐፊ ዊልያም ኩፐር ኔል ነው፤ መጽሐፉ በ1855 ሲታተም የአገሪቱ ባርነት ገና አልተሻረም ነበር። ለአተክስና አብረውት ለሞቱት በቦስተን ሐውልት የቆመው በ1888፣ ከ118 ዓመት በኋላ ነው። በዋሽንግተን ከተማ መታሰቢያ እንዲሠራ ኮንግረስ በ1986 ፈቀደ፤ ገንዘብ ሳይሟላ ቀርቶ የፈቃዱ ጊዜ በ2005 አለፈ፤ እንደገናም ሌላ ፈቃድ ተሰጠ።

የሮድ አይላንዶቹን ስም ለማወቅ ከሚያገለግሉት ሰነዶች አንዱ፣ ግምጃ ቤቱ ለጌቶች ካሣ ሲከፍል ያስመዘገበው ዝርዝር ነው። በአንደኛው ዓምድ የወታደሩ ስም ተጽፏል፤ ቀጥሎ የጌታው ስም ይመጣል፤ ከዚያ ዋጋው በፓውንድ።